በወታደራዊ የተኩስ ክልል አጠገብ ያለ የጥድ ደን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰፊና እምብዛም ያልተነካ የጥድ ደን የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ እግሩ የሚያደርሰው ወታደራዊ የልምምድ ክልል ወሰን ላይ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ለተኩስ የተከለለ መሬት አይታረስም፣ ቤት አይሠራበትም፤ ከተኩሱ የሚነሣው ትንንሽ እሳትም የሥሩን ቁጥቋጦ እየጠረገ ከእሳት ጋር መኖር ለለመዱት የጥድ ዝርያዎች ይመቻቸዋል። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ በአንድ ወቅት ወደ 36 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍን ከነበረው ባለ ረጅም ቅጠል ጥድ ዛሬ የቀረው ጥቂት ሲሆን፣ በፍሎሪዳ የሚገኘው ኤግሊን የተባለው የአየር ኃይል ይዞታ ከቀሩት ዋና ዋና መጠጊያዎቹ አንዱ ነው። (እዚህ ጥድ የምንለው መርፌ የመሰለ ረጅም ቅጠል ያለውንና ሙጫ የሚያፈልቀውን ፓይን ነው፤ የሐበሻውን ጥድ አይደለም። ዓመታቱም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ደኑና የተኩስ ክልሉ እንዲህ ጎረቤታሞች ስለሆኑ፣ ጎብኚው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ደኑን ብቻ አይቶ ጎረቤቱን ሲረሳ ነው። ከዚህ በታች የምንመለከታቸው ስህተቶች እኩል ክብደት የላቸውም፤ አንዳንዶቹ በገንዘብ ቅጣት ያልፋሉ፣ አንዳንዶቹ ግን እጅ ወይም ዓይን ያሳጣሉ።

ጸጥታን እንደ ፈቃድ መቁጠር

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ነው። ተኩስ ያለማቋረጥ የሚካሄድ ሥራ አይደለም። ለልምምድ የወጣ አንድ ክፍል ለሰዓታት ቃታ ሳይስብ ሊቆይ ይችላል፤ ኢላማ ይተከላል፣ ትእዛዝ ይጠበቃል፣ ምሳ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ይጀመራል። ስለዚህ ማለዳ ደርሶ የወፎች ድምፅ ብቻ የሰማና «ዛሬ ሥራ የለም» ብሎ የገባ ሰው፣ የሰማው የወታደሮቹን የዕረፍት ሰዓት ሊሆን ይችላል። በቅርብ ርቀት ደግሞ ድምፁ ጭራሽ ማስጠንቀቂያ ሊሆን አይችልም፤ የጠመንጃ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ከድምፅ የሚፈጥን በመሆኑ ተኩሱ የሚሰማው ጥይቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ርቀቱንም ብዙ ሰው አሳንሶ ይገምተዋል። የእግረኛ ወታደር ጠመንጃ ጥይት የሚያቆመው ነገር ካላገኘ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የ12.7 ሚሊ ሜትር ከባድ መትረየስ ጥይት ደግሞ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ድንጋይ ወይም ብረት ነክቶ የሚነጥር ጥይትም አቅጣጫውን ይቀይራል። በዚህ ምክንያት የተኩስ ክልል አዘጋጆች ከኢላማዎቹ ጀርባና ግራ ቀኝ ሰው የማይገባበት ሰፊ መሬት ይተዋሉ፤ ያ መሬት ለጎብኚው ዓይን ከሌላው ደን በምንም አይለይም። ኢላማ የለበት፣ ምሽግ የለበት፣ ጥድና ፈርን ብቻ ነው። በ2004 በኒው ጀርሲ በዋረን ግሮቭ የልምምድ ክልል ማታ ይለማመድ የነበረ ኤፍ-16 አውሮፕላን የተኮሳቸው የ20 ሚሊ ሜትር ጥይቶች ከክልሉ በርካታ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ማረፋቸው፣ ወሰኑ በካርታ ላይ እንደሚታየው ስስ መስመር እንዳልሆነ ያሳያል። ተማሪዎች በሌሉበት ሰዓት በመሆኑ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

መደረግ ያለበት የተኩስ መርሐ ግብሩን ከክልሉ አስተዳደር ጠይቆ ማወቅ፣ በሚሄዱበት ቀን ማለዳም ደግሞ ማረጋገጥ ነው፤ መርሐ ግብር ይቀየራልና። በብሪታንያና በሌሎችም አገሮች ተኩስ ባለበት ቀን ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሌሊትም ቀይ መብራት ይበራል። ባንዲራ ካዩ መመለስ ነው። ባንዲራ ካላዩ ግን ገና ምንም አላወቁም፤ ምናልባት የመጡት ምሰሶ ባልተተከለበት በኩል ይሆናል፣ ምናልባትም ቅርንጫፍ ጋርዶት ይሆናል።

ስልክ ላይ ያለውን መስመር ሁሉ መንገድ ነው ብሎ ማመን

ለሁሉም ክፍት የሆኑት የስልክ ካርታዎች በከፊል የሚሠሩት የሳተላይት ምስል አይተው መስመር በሚስሉ በጎ ፈቃደኞች ነው። ከሰማይ ሲታይ የታንክ ሰንሰለት ያረሰው አሸዋ፣ እሳት እንዳይሻገር የተጠረገ ቀጭን መሬትና የእግረኛ መንገድ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ በስልኩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየው አማላይ መስመር ቀጥታ ወደ ኢላማው ሊወስድ ይችላል። ሁለት የታንክ ሰንሰለት ስፋት ያለው፣ ዳርና ዳሩ ላይ አሸዋው ተቆልሎ መሐሉ የጎደጎደ መንገድ ካዩ፣ ካርታው ምንም ቢል ያ መንገድ ለእርስዎ የተሠራ አይደለም።

አንዳንድ ክልሎች ደግሞ ጭራሽ በሕዝብ ደን መሐል የተቀመጡ ናቸው። በፍሎሪዳ የሚገኘው የኦካላ ብሔራዊ ደን በ1908 የተቋቋመ፣ በአሸዋማ መሬት በሚበቅለው የጥድ ዝርያ የታወቀ፣ ለተጓዦች ክፍት የሆነ ደን ነው፤ በዚያው ደን ውስጥ ግን ፓይንካስል የተባለው የባሕር ኃይል የቦምብ ልምምድ ክልል ይገኛል። እንዲህ ባለ ቦታ «ብሔራዊ ደን» የሚለውን ሰሌዳ አይቶ የገባ ሰው ነፃ ነኝ ብሎ ሲራመድ ሳያውቀው ወሰን ሊያልፍ ይችላል። በኤግሊን ደግሞ ጎብኚ ፈቃድ ሳይዝ አይገባም፤ ክፍትና ዝግ ቦታዎቹም በካርታ ተለይተው ይገለጻሉ። ከስልኩ ካርታ በፊት መታየት ያለበት ይህን የመሰለው የባለይዞታው ካርታ ነው።

ዛፍ ላይ የተቀባ ቀለምም ያሳስታል። በተራራ መንገድ የለመደ ተጓዥ ነጭ ቀለም ያለበትን ግንድ ሲያይ የመንገድ ምልክት ይመስለዋል። በአሜሪካ ወታደራዊ ደኖች ግን ግንዱን የሚዞር ነጭ ቀለበት የሚቀባው ብርቅ የሆነ አንድ የግንደ ቆርቁር ዝርያ ጎጆ የሠራበትን ዛፍ ለመለየት ነው። ይህ ወፍ እንደ ሌሎቹ ዘመዶቹ የደረቀ ግንድ አይፈልግም፤ በሕይወት ያለ ሽማግሌ ጥድ ቦርቡሮ ይኖራል፣ በቀዳዳው ዙሪያም ሙጫ እንዲፈስ ያደርጋል፤ የሚፈሰው ሙጫ እባብን ይከላከልለታል። ከነጭ ቀለበት ወደ ነጭ ቀለበት እየተከተለ የሄደ ሰው መውጫውን አያገኝም፤ የወፎቹን መንደር ነው የሚያቋርጠው።

የወደቀ ብረት ማንሣት

በጥድ ሥር ያለው መሬት ቡናማ በሆነ የረገፈ ቅጠል የተሸፈነ ነው። የዛገ ብረትም ቡናማ ነው። ከቅጠሉ ውስጥ ብቅ ያለ፣ እንደ ትንሽ ማራገቢያ ክንፍ ያለው ብረት ሲታይ የአሮጌ ዕቃ ስብርባሪ ይመስላል፤ የሞርታር ጥይት ጭራ ግን ልክ እንደዚያ ነው፤ የቀረው አካሉ አፈር ውስጥ ነው። ዝገት ውስጡ ያለውን ፈንጂ አያከሽፈውም። ፈንጂው ለአሥርተ ዓመታት ጉልበቱን ይዞ ሲቆይ፣ የሚያፈነዳው ፊውዝ ግን እያረጀ ሲሄድ ከአዲሱ ይልቅ በትንሽ ንክኪ የሚፈነዳ ሊሆን ይችላል።

ስለ ቀለም የሚነገረው እውቀትም በግማሹ ከተያዘ አደገኛ ነው። በኔቶ አገሮች ልማድ ሰማያዊ ቀለም የልምምድ ተተኳሽን፣ ቢጫ ደግሞ ኃይለኛ ፈንጂ ያለበትን ያመለክታል። ይህን የሰማ ሰው «ሰማያዊ ስለሆነ ባዶ ነው» ብሎ ያነሣል። አንዳንድ የልምምድ ቦምቦች ግን የወደቁበት ቦታ እንዲታይ ጭስ የሚያስነሣ ባሩድ በውስጣቸው ይይዛሉ፤ ያ ባሩድ ጣት ለመቁረጥና ፊት ለማቃጠል ይበቃል። ከዚያም በላይ ፀሐይና ዝናብ ቀለሙን ካጠቡት በኋላ ቢጫው የቱ እንደነበር፣ ሰማያዊው የቱ እንደነበር የሚለይ የለም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው በተቀጣጣይ ቦምቦች ውስጥ የሚገባው ነጭ ፎስፈረስ ነው። በጀርመን የባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ በተለይም በኡሴዶም ደሴት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረ ፎስፈረስ ከጥንት ዛፎች ሙጫ ከተገኘው ከአምበር ጋር እየተመሳሰለ ሰዎች አንሥተው ኪሳቸው ከትተውታል። እርጥብ ሳለ ዝም ይላል፤ ሲደርቅና የሰውነት ሙቀት ሲያገኘው፣ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ፣ በራሱ ይነዳል። በተኩስ ክልል አጠገብ ከመሬት ላይ የተገኘ ቢጫ የሙጫ ጓል የመሰለ ነገር ሁሉ እዚያው መቅረት አለበት። ባዶ ቀለሃም ቢሆን ለመታሰቢያ ብሎ መልቀም ተገቢ አይደለም፤ በብዙ አገሮች የመንግሥት ንብረት መውሰድ ተብሎ ያስጠይቃል፣ ቀለሃ ለመልቀም ያጎነበሰ ሰው ደግሞ ሌላውንም መነካካቱ አይቀርም።

መሬቱን መቆፈር

በአንድ ወቅት የተጸዳ መሬት እንደጸዳ አይቆይም። በቀዝቃዛ አገሮች የአፈሩ መቀዝቀዝና መቅለጥ ከሥር ያለውን ብረት በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አሸዋማ አፈርን ደግሞ ነፋስና ጎርፍ ይገልጡታል። ከሁሉም በላይ ግን ጥዱ ራሱ ቆፋሪ ነው። በአሸዋ ላይ የበቀለ ረጅም ጥድ በማዕበል ሲወድቅ ሥሩን እንደ ግድግዳ ይዞ ይነሣል፤ ሥሩ በያዘው አፈር ውስጥ ለዓመታት የተቀበረ ነገር ካለ በሰው ደረት ልክ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ልጆች ከዝናብ የሚጠለሉት፣ ተጓዦችም ከነፋስ ለመከለል ድንኳን የሚተክሉት ደግሞ እዚያው ጉድጓድ አጠገብ ነው። የድንኳን ካስማ መምታት፣ የእሳት ጉድጓድ መቆፈር፣ በብረት ጠቋሚ መሣሪያ መፈለግ፣ እንጉዳይ ለማግኘት ቅጠሉን በዱላ መጎርጎር፤ እነዚህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ከተለመደው መንገድ በአሥር እርምጃ ቢርቅም አደጋው ያው ነው።

እሳቱን እንደ ሌላ ደን እሳት ማየት

ጥድ ሙጫ አለው፤ የረገፈ ቅጠሉም አየር ስለሚያስገባ በፍጥነት ይደርቃል። በተኩስ ክልል አጠገብ ደግሞ እሳት የሚጭረው የጎብኚ ክብሪት ብቻ አይደለም። በግንቦት 2007 በዚያው በዋረን ግሮቭ አንድ ኤፍ-16 በልምምድ ላይ የለቀቀው ፍሌር (ሙቀት ተከታይ ሚሳይልን ለማሳሳት የሚለቀቅ የሚነድ ነገር) ያስነሣው እሳት ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ የጥድ ደን በልቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አስወጥቷል። የዚያ አካባቢ ጥዶች ፍሬያቸውን ዘግተው ይዘው የእሳት ሙቀት ሲነካቸው የሚከፍቱ ናቸውና ደኑ ራሱ ይተርፋል፤ በመሐሉ የተገኘ እግረኛ ግን እንዲህ ያለ መላ የለውም።

ጎብኚው ማወቅ ያለበት ዋናው ልዩነት ሌላ ነው። ያልፈነዳ ተተኳሽ ባለበት መሬት ላይ እሳት ሲነሣ አጥፊዎች ላይገቡ ይችላሉ። በ2019 በሰሜን ጀርመን በሉብቴን አቅራቢያ የቀድሞ የልምምድ ክልል ሲቃጠል፣ ሙቀቱ ያገኛቸው የድሮ ተተኳሾች ይፈነዱ ስለነበር የእሳት አደጋ ሠራተኞች 1,000 ሜትር ርቀው ለመቆም ተገደዋል፤ ወደ 1,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነዷል፣ በዙሪያው የነበሩ መንደሮችም ተለቅቀዋል። ስለዚህ «ከጠፋሁ መጥተው ያወጡኛል» የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም። በደረቅ ወቅት የምግብ ማብሰያ እሳትን ጨርሶ መተው፣ መኪናን አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ደረቅ ሣር በሌለበት ቦታ ማቆም፣ ጭስ ሲታይ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ወደ ነፋሱ መምጫ በጎን ዞሮ መውጣት ያስፈልጋል። ለመሸሽ ሲባል ወደ ተከለለው ክልል መግባት ከአንዱ አደጋ ወደ ሌላው መሄድ ነው።

ድሮን ማብረርና መገኛን ማጋራት

በልምምድ ክልል ላይ ያለው አየርም አብዛኛውን ጊዜ የተከለከለ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር ባለበት ድሮን ማስነሣት የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል። የሩጫና የእግር ጉዞ መዝጋቢ መተግበሪያዎችም ያልታሰበ መዘዝ አላቸው። በ2017 መጨረሻ ስትራቫ የተባለው መተግበሪያ ያወጣው የተጠቃሚዎች እንቅስቃሴ ካርታ በ2018 መጀመሪያ በበርካታ አገሮች የጦር ሰፈሮችን ውስጣዊ መንገድ ሳይቀር አጋልጦ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ለጎብኚው ግን ይበልጥ ቅርብ የሆነው ጉዳት ሌላ ነው፤ በስህተት የሄዱበትን መስመር «ቆንጆ መንገድ» ብለው ካጋሩት፣ ቀጣዩ ሰው የእርስዎን ስህተት እንደ ካርታ ይከተለዋል።

ወታደር መሳይ ልብስ መልበስ

ዥንጉርጉር ልብስ ለብሶ በእንዲህ ያለ ደን መሄድ ቂልነት ነው። ደማቅ ብርቱካናማ ይልበሱ። ወታደር ካገኙ ይቁሙ፣ እጅዎ ይታይ፣ ከየት እንደመጡ በእውነት ይናገሩ፤ የሚያሳዩዎትን መውጫ ሳይከራከሩ ይከተሉ።

አይቶ ዝም ማለት፣ ወይም ቸኩሎ መደወል

አጠራጣሪ ብረት ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ይሠራል። አንዱ ያለ ፈቃድ መግባቱ እንዳይታወቅበት ፈርቶ ዝም ይላል፤ ሌላው ብረቱ አጠገብ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ ይደውላል፣ ቅርብ ብሎም ፎቶ ያነሣል። ትክክለኛው አካሄድ መቆም፣ አለመንካት፣ የመጡበትን ዱካ እያዩ በዚያው መመለስና ርቀው ከወጡ በኋላ መደወል ነው። ለሚቀበልዎት ሰው የሚጠቅመው የብረቱ ስም አይደለም፤ ስፋቱን በክንድ ወይም በስንዝር፣ ቅርጹን፣ ከመሬት ምን ያህል እንደወጣ፣ እርስዎ የቆሙበትን፣ ስልክዎ የሚያሳየውን የመገኛ ነጥብና ከዚያ ወደየት አቅጣጫ ስንት እርምጃ እንደሆነ ይንገሩት። ጥድ ሁሉ አንድ ስለሚመስል «ከትልቁ ዛፍ ሥር» ማለት ምንም አይጠቅምም፤ የተሰበረ ግንድ፣ የመንገድ መገንጠያ ወይም ቁጥር ያለው የወሰን ድንጋይ ካለ እሱን ይጥቀሱ። ምልክት ማድረግ ካስፈለገም መሀረብዎን ወይም ደማቅ ጨርቅ የሚያስሩት በመመለሻው መንገድ ዳር ባለ ቅርንጫፍ ላይ ነው።