ድርብ ኮንቴይነር በባቡር፦ ምልክቱ ላይ፣ ምክንያቱ ታች

ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ደርቦ የሚሄድ ባቡር ላየ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። አንዱ ታች፣ አንዱ ላይ፤ ባቡሩ ሳይረዝም ጭነቱ እጥፍ። ችግር ሲመጣም ቀድሞ የሚታየው ላይኛው ኮንቴይነር ላይ ነው። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታች ነው፤ ሐዲዱ ላይ፣ ፉርጎው ላይ ወይም ቀድሞ የተጫነው ኮንቴይነር ውስጥ። ስለዚህ ቀና ከማለትዎ በፊት ጎንበስ ይበሉ።

የላይኛው ኮንቴይነር ጠርዝ ተፋፍቆ መጣ

መጀመሪያ የኮንቴይነሩን ዓይነት ይዩ። የመደበኛው ቁመት 2.59 ሜትር ነው። ሃይ ኪዩብ የሚባለው 2.90 ሜትር ነው። ሁለቱም ሃይ ኪዩብ ከሆኑ ልዩነቱ ከ60 ሳንቲሜትር ያልፋል። ወረቀቱ ላይ ርዝመቱ፣ "ባለ 40 ጫማ" ብቻ ተጽፎ ከመጣ ማንም ይሳሳታል። ሃይ ኪዩብ ላይኛው ማዕዘኖቹ አካባቢ ቢጫና ጥቁር ሰረዝ አለው። ሰረዙ ለጌጥ አይደለም፣ ይፈልጉት።

ቀጥሎ ፉርጎው። ሆዱ ወደ ሐዲዱ የወረደ ፉርጎ ላይ ሁለት ሃይ ኪዩብ ሲደረቡ ከሐዲዱ 6.15 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። የጠፍጣፋ ፉርጎ ወለል ግን ራሱ ከሐዲዱ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ያው ጭነት እዚያ ላይ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል።

ሁለቱም ትክክል ከሆኑስ? አምና በሰላም ያለፈበትን ድልድይ ዘንድሮ ለምን ነካው? ሐዲዱ አድጎ ነዋ! ቀልድ አይደለም። ከስሩ ያለው ጠጠር በተጠቀጠቀና በተስተካከለ ቁጥር ሐዲዱ ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ዓመታት ሲደማመሩ ከድልድዩ ስር የነበረው ክፍተት ይበላል።

ኩርባ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የውጭው ሐዲድ ከውስጠኛው 10 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ፣ 6 ሜትር ላይ ያለው የኮንቴይነር ጫፍ ወደ ውስጥ 40 ሳንቲሜትር ያህል ያዘነብላል። ቀጥ ባለው መስመር ላይ የተለካ ክፍተት እዚህ አይሠራም። የዋሻ ጣሪያም ብዙ ጊዜ ቅስት ነው። መሃሉ ላይ ቦታ አለ፣ ትከሻው ላይ የለም፤ ኮንቴይነር ደግሞ አራት ማዕዘን ነው። ስለዚህ የሚፋቀው ማዕዘኑ ነው።

የዘለቄታው መፍትሄ ሦስት መንገድ አለው፦ ሐዲዱን ዝቅ ማድረግ፣ ድልድዩን ማንሳት፣ የዋሻውን ትከሻ መቅረፍ። በምሥራቅ አሜሪካ ሃርትላንድ ኮሪደር በተባለው መስመር 28 ዋሻዎች ተስተካክለው ነው ድርብ ባቡር በ2010 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ማለፍ የጀመረው። የዕለት ተዕለቱ መፍትሄ ግን ርካሽ ነው። ከእያንዳንዱ የሐዲድ ጥገና በኋላ ክፍተቱ እንደገና ይለካ። መነሻ ጣቢያው ላይም ከፍታ የሚፈትሽ ጨረር ይተከል። ከዋሻ አፍ ይልቅ ጣቢያ ላይ መቆም ይሻላል።

መስመሩ ኤሌክትሪክ ነው፣ ድርብ ጭነት አያሳልፍም

በብዙ አገር ለባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሽቦ ከሐዲዱ ከ5 እስከ 5.5 ሜትር ገደማ ላይ ይዘረጋል። ድርብ ጭነት ስሩ አይገባም። ደግሞ መንካት ብቻ አይደለም ችግሩ። 25,000 ቮልት ሳይነካም ክፍተቱን ዘሎ ሊመታ ይችላል።

ሕንድ በምዕራቡ የጭነት ኮሪደሯ ላይ ሽቦውን 7.5 ሜትር አካባቢ ሰቅላ፣ ሎኮሞቲቮቹ ላይ ረጃጅም የኤሌክትሪክ መቀበያ ክንድ ገጥማ ተገላገለች። በጥር 2021 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) 1.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ድርብ ባቡር በኤሌክትሪክ አስነስታለች። ሽቦውን ማንሳት የማይችል ወይ በናፍጣ መስመር ይሂድ፣ ወይ አንድ ደርብ ይበቃዋል። ግማሽ መፍትሄ የለም። መጫኛው ሐዲድ ላይ ግን ሽቦ ባይኖር ይመረጣል፤ ክሬኑም መቆለፊያውን የሚገጥመው ሠራተኛም ላይ ነው የሚሠሩት።

ባቡሩ በዝግታ ሲሄድ ይንገዳገዳል

ሲፈጥን ሳይሆን ሲያዘግም! ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። የሐዲዱ መጋጠሚያዎች ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ከመጡ ፉርጎው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይዘምማል። ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ይህ ምት ከፉርጎው የራሱ ውዝዋዜ ጋር ይገጥማል። ዥዋዥዌን በትክክለኛው ሰዓት እንደ መግፋት ነው። ነጂው እዚያ ፍጥነት ላይ መቆየት የለበትም፤ ወይ ይቀንስ፣ ወይ መስመሩ ከፈቀደ ይለፈው። የመስመር ጥገና ክፍሉ ደግሞ የሰመጡትን መጋጠሚያዎች ያንሳ ወይም ሐዲዱን ይበይድ።

ሐዲዱ ደህና ሆኖ ከተንገዳገደ ግን ከባዱ ላይ ነው ማለት ነው። ባዶ ታች፣ ሙሉ ላይ ፈጽሞ አይጫንም። ሰሜን አሜሪካ የፉርጎውና የጭነቱ የጋራ የክብደት ማዕከል ከሐዲዱ ከ2.49 ሜትር እንዳያልፍ ይገደባል። ይህ ስሌት የሚሠራው ክብደቱ እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ከሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መርከብ ላይ የሚጫን ሙሉ ኮንቴይነር የተረጋገጠ ክብደት ሊኖረው ግድ ነው። ከየብስ የመጣው ግን የባለቤቱን ወረቀት ይዞ ብቻ ሊመጣ ይችላል። እኔ ወረቀት አላምንም። ክሬኑ ወይም ሪች ስታከሩ (ኮንቴይነር የሚያነሳው ተሽከርካሪ) ሲያነሳው ሚዛኑን ያንብቡ።

መንኮራኩሩና ሐዲዱ ቶሎ ያልቃሉ

አምስት ክፍል ተያይዞ የተሠራ ፉርጎ 10 ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ይይዛል፤ የቆመው ግን በ12 አክስል (የመንኮራኩር ዘንግ) ነው። ሁሉም 30 ቶን ቢሆኑ የፉርጎው ክብደት ሳይቆጠር በአማካይ በአክስል 25 ቶን ይደርሳል። መፍትሄው ከባድና ቀላሉን ማደባለቅ ነው።

መቆለፊያው አልገባ አለ

ሁለቱን ኮንቴይነሮች የሚያያይዙት በአራቱ ማዕዘን የሚገቡ መቆለፊያዎች ናቸው። ካልገቡ ቀዳዳው ውስጥ ቆሻሻ፣ ጠጠር ወይም በረዶ ይኖራል፤ ወይም ማዕዘኑ ታጥፏል። በመዶሻ አይምቱት። ይጥረጉት፣ ኮንቴይነሩን አንስተው እንደገና ያስቀምጡት። ማዕዘኑ የታጠፈ ከሆነ ላይም ታችም አይሂድ፣ ይቅር።

ሁለት ባለ 20 ጫማ ታች፣ አንድ ባለ 40 ላይ ይሆናል። ግልባጩ አይሆንም። ባለ 40ው መሃሉ ላይ ሸክም የሚችል ምሰሶም መቆለፊያ የሚይዝ ቀዳዳም የለውም።

ነፋስ ሲነሳ

ሁለት ባዶ ባለ 40 ጫማ ሃይ ኪዩብ አንድ ላይ 8 ቶን እንኳ አይሞሉም። ለነፋስ የሚሰጡት ጎን ግን 70 ካሬ ሜትር ነው። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይህን ጎን ወደ 4 ቶን በሚጠጋ ጉልበት ይገፋዋል። በሚያዝያ 2015 (እ.ኤ.አ.) ኒው ኦርሊየንስ አጠገብ ከፍ ያለው የሂዩ ፒ. ሎንግ ድልድይ መዳረሻ ላይ የቆመ ባቡር ኮንቴይነሮች በነፋስ ወድቀዋል። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ባቡሩ ይቁም፤ ድልድይ ላይ ግን አይቁም። በነፋሻማ መስመር ላይ ባዶ ኮንቴይነር ባይደረብ ይሻላል።

ጣቢያው ላይ ሰዓት ይባክናል

መጀመሪያ የሚወርደው ኮንቴይነር ታች ገብቶ ነው። እሱን ለማውረድ ላዩን ማንሳት፣ ማስቀመጥ፣ መልሶ መጫን ሊኖር ነው። ቀድሞ የሚወርደው ላይ ይሁን፤ ክብደቱ ካልፈቀደ ሁለቱም ወደ አንድ መዳረሻ የሚሄዱ ይሁኑ። መንገድ ላይ የሚፈተሽ ኮንቴይነርም ታች አይግባ። ፉርጎው ሆድ ውስጥ በሩ አይከፈትም።