ፋብሪካ ወንዛችሁን ሲበክል አቤቱታ እንዴት ይጻፋል?

ጤና ጣቢያ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቤቴ አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። በሰፈራችን ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነገር ሲመጣ እኔ ጋ ነው የሚያንኳኩት። የጎረቤት ፋብሪካ ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ ሲለቅ ምን እንደሚደረግ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ። ቢሮ ሄዶ «ሁልጊዜ ይሸታል» ማለት አያዋጣም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን መልክና ሽታውን ጻፉ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ እንዲያው ጻፉት። ቆዳ ፋብሪካ ጸጉሩን ለማንሳት ኖራና ሰልፋይድ (ይህን ሽታ የሚያመጣው ኬሚካል) ስለሚጠቀም ተቆጣጣሪው ሲያነበው ወዲያው ይገባዋል። ቆዳው የሚለፋበት ክሮም የሚባለው ኬሚካል ግን አይሸትም፤ እሱን የሚያገኘው ላቦራቶሪ ነው። እኛ ጋ የሚለቁት ሌሊት ወይም ዝናብ ሲጥል ስለሆነ፣ ሰዓቱን የሚመዘግብልን የሰፈሩ ጥበቃ ነው።

ፎቶ ስታነሱ ሁለት ቦታ ይሁን፤ ከፋብሪካው ቱቦ በላይ እና ከቱቦው በታች። የታችኛውን ብቻ ከወሰዳችሁ «ቆሻሻው ከከተማው የመጣ ነው» ይሏችኋል። ጭራሽ ውሸት ነውም አይባልም። ትንሹም ትልቁም አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክመው ነው አባ ሳሙኤል ግድብ የሚደርሱት፤ ከዚያ አዋሽ ይገባል። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ያ ሰበብ አይሠራም። ፎቶ ብላችሁ የፋብሪካው ግቢ እንዳትገቡ።

ስለ በሽታ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። «ካንሰር አመጣብን» አትበሉ። ማረጋገጥ አትችሉም፤ በዚያች አንድ ቃል የተነሳ ደግሞ የቀረው እውነታችሁ ይወድቃል። ያያችሁትን ጻፉ፦ የማን ልጅ መቼ ተቅማጥ ያዘው፣ ወንዙን ተሻግሮ የማን እግር አሳከከው፣ የማን ላም ጠጥታ ታመመች። የጤና ጣቢያ ወረቀት ካለ ኮፒውን አያይዙ፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ።

ከባዱ ነገር ፊርማ ነው። አቅም ያለው ሰው ወይ ቤቱን አከራይቶ ሰፈሩን ለቋል፣ ወይ የታሸገ ውሃ ይገዛል። ወንዙ ላይ የቀረው ልብስ የሚያጥበው፣ ላም የሚያረባው፣ ጎመንና ቆስጣ በዚያው ውሃ የሚያለማው ነው። (አትክልቱ ቦሌም ይበላል እንግዲህ። ሽታው ግን እዚያ አይደርስም።) ለመፈረም የሚፈራውም ይኸው ሰው ነው። ከመካከላቸው ፋብሪካው ውስጥ የቀን ሠራተኛ የሆነ አለ፤ ከፈረመ እንጀራው ይቀራል። ተከራዩ ደግሞ «መታወቂያዬ የሌላ ወረዳ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?» ይላል።

ሕጉ ያገባሃል ይለዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 እንደሚለው፣ ማንም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤት ማለት ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራውን ተዉት፤ ቤተሰቡን አታስርቡበት። በእሱ ፈንታ ተከራዩ ይፈርም፣ ጡረተኛው ይፈርም፣ የሌላ ሰፈር ዘመድም ቢሆን ይፈርም። እኛ ጋ መጀመሪያ የሰፈረው ስም የእኔ ነው። ጡረታዬን የሚከፍለኝ ፋብሪካው አይደለም።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ለከተማችሁ ወይም ለክልላችሁ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይጻፍ፤ ለወረዳው በግልባጭ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 44 ጥቀሱ፤ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እዚያ ተጽፏል። የምትፈልጉትንም በግልጽ ጠይቁ፦ ናሙና ይወሰድ፣ ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጠን። «አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድልን» ብሎ ማብቃት ለቢሮው ማምለጫ መስጠት ነው።

መዝገብ ቤት ስታስገቡ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማህተምና ቀን አስደርጉ። «እማማ፣ ጥለውት ይሂዱ፣ እንደውልልዎታለን» ካሉ ፈገግ ብላችሁ እዚያው ቁሙ። ያ ቀን ያስፈልጋችኋል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጡ፣ ወይም የሰጡት ካላረካችሁ፣ 30ው ቀን ካለቀበት ወይም ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። «ነገ ተመለሱ» እየተባለ 60ው ቀን እንዳያልፍባችሁ ካላንደር ላይ አክብቡት።

ለጠበቃ ብር ከሌለ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ስትሄዱ ደብተሩን፣ ፎቶዎቹንና ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ። ለእነሱ ኮፒ አድርጋችሁ ስጡ፤ ዋናው ከእጃችሁ አይውጣ።