ከጥምቀት በኋላ ወደ ጉዳውሪ

ስኖውቦርዴን፣ በረዶ ላይ የምንሸራተትበትን ሳንቃ፣ ይዤ መጀመሪያ ጆርጂያ፣ ጉዳውሪ የተባለው የበረዶ መንሸራተቻ መንደር የሄድኩት ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ነበር። ተሸወድኩ። የአልጋው ዋጋ ጣራ ነክቷል፣ ተራራ ላይ የሚያወጣው ሊፍት ሰልፍ የስኳር ሰልፍ ያስንቃል፣ ሌሊት የጣለው በረዶ ደግሞ ረፋድ ላይ እንደ እርሻ ታርሶ ነበር። ሙኒክ አውቶብስ ነጂ ነኝ። አሁን ፈረቃዬን ለምኜ የምሄደው ከጥምቀት በኋላ ብቻ ነው።

ጆርጂያኖች እንደኛ ገናን ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ያከብራሉ። ከአዲስ ዓመት ጀምሮ በዓል በበዓል ላይ ነው። እሱ ሲያልፍ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ተራራው ጭር ይላል። ብርዱ ገና ስላልለቀቀ በረዶውም እንደ ዱቄት ይቆያል። ማርች ይረክሳል ብላችሁ አትጓጉ፤ ቁልቁለቱ አብዛኛው ወደ ደቡብ ስለሚያይ ፀሐይ በረዶውን ቶሎ ታቦካዋለች።

ጉዳውሪ ከዋና ከተማዋ ትብሊሲ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዲዱቤ መናኸሪያ ሂዱና ማርሽሩትካ ያዙ። እንደኛው ሚኒባስ ነው፣ ሲሞላ ይነሳል። በረዶ ሲበረታ መንገዱ ሊዘጋ ስለሚችል የመጨረሻዋን ሌሊት ትብሊሲ እደሩ። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ አንዴ በረራ አምልጦኛል።

ቢያንስ አምስት ቀን ያዙ። መንደሩ 2,200 ሜትር ግድም ላይ ነው፣ ሊፍቱ ከ3,200 በላይ ያወጣል፣ ዛፍ የሚባል ነገር ግን የለም። በረዶ እየጣለ ከወጣችሁ ሰማይና መሬት አንድ ይሆናሉ፤ ቆማችሁ ይሁን እየሄዳችሁ እንኳ አይለይም። ያን ቀን ቤት ቁጭ ብሎ ኺንካሊ መብላት ይሻላል። ጾም ከሆነ ባቄላ መሰል አደንጓሬ የተሞላ ዳቦ፣ ሎቢያኒ፣ አለ። «ሳማርኽቮ» ብላችሁ ጠይቁ፤ የጾም ማለት ነው።

ሰማዩ በጠራ ማግስት ሊፍቱ ሳይከፈት እዚያው ተገኙ። ፀሐይ ስትበረታ በጎንዶላ፣ በገመድ በሚሄደው ዝግ ሳጥን፣ ከተራራው ማዶ ወዳለው ኮቢ በኩል ተሻገሩ። ያ ፊት ወደ ሰሜን ስለሆነ ደረቅ በረዶ እዚያ ይቆያል።

እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። ከተጠረገው መንገድ የምትወጡ ከሆነ አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚ ያዙ። የበረዶ ናዳ ቢቀብራችሁ ያላችሁበትን ምልክት የሚያስተላልፈውን መሣሪያ ከጃኬት ሥር ልበሱ፤ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ ቦርሳ ውስጥ። የናዳ አደጋ መለኪያው ከ1 እስከ 5 ነው። 3 ስታዩ «መካከለኛ ነው» እንዳትሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን ናዳ ሊያስነሳ ይችላል ማለት ነው። ኢንሹራንሳችሁም ከመንገድ ውጭ መንሸራተትን እንደሚሸፍን አንብቡ።

ቦርዱን በተመለከተ ካቻቪቴ ያዙና ጫማችሁ ቦርዱ ላይ የሚታሰርባቸውን ሁለቱንም ማሰሪያዎች ወደ ኋላ ጠጋ አድርጉ፤ የቦርዱ አፍንጫ በረዶው ውስጥ እንዳይሰምጥ። ሜዳ ላይ ፍጥነት አትቀንሱ። ከቆማችሁ አለቀ! እኔ መጀመሪያ ቀን ቆሜ፣ ቦርዱን ፈትቼ ስረግጥ እስከ ወገቤ ገባሁ። ስወጣ ላብ በላብ ሆኜ ነበር። ስለዚህ አትፍቱት። ብትወድቁ በጀርባችሁ ተንከባለሉ፣ ቦርዱን ከቁልቁለቱ በታች በኩል አግድም አድርጉ፣ በረዶውን በክንዳችሁ ጠቅጥቃችሁ እሱን ተደግፋችሁ ተነሱ።