የበዓል ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

በዓል ሲቃረብ ስልካችን ዕረፍት ያጣል። አገር ቤት ያለው ዘመድ መልካም ምኞቱን ይልካል፣ ልጆቹ ልብስና ስልክ ይጠይቃሉ፣ እኛም ከሥራ ስንወጣ አውቶቡስ ውስጥ ቆመን ክፍያ እንፈጽማለን። አጭበርባሪ ከዚህ የተሻለ ገዢ ከየት ያገኛል? እዚህ ሆኖ የሚከፍለው ዕቃውን አያይም፤ እዚያ ሆኖ የሚቀበለው ደግሞ ስንት እንደተከፈለና ለማን እንደተከፈለ አያውቅም። ሌባው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ባለፈው ዓመት ከታላቅ እኅቴ የስልክ መልእክት መላኪያ አካውንት አንድ መልእክት ደረሰኝ፦ «የበዓል ዕቃ ገዝቼ ገንዘብ አነሰኝ፤ ባለሱቁ እየጠበቀኝ ነው፤ በዚህ ቁጥር ላክልኝ»። ፎቶዋ የራሷ ነው፤ የቀድሞ ጭውውታችንም ከላይ እንዳለ ነው። ልልክ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያዳነኝ ብልህነቴ አይደለም። እኅቴ ከልጅነቴ ጀምሮ በቤት ስሜ እንጂ በመዝገብ ስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ መልእክቱ ግን በመዝገብ ስሜ ይጀምራል። ብደውልላት ቤቷ ተኝታለች። ለካ ከሁለት ቀን በፊት «ሽልማት ደርሶሻል» ብሎ ለደወለላት ሰው፣ በስልኳ የገባውን የማረጋገጫ ኮድ አንብባለት ኖሯል። ያ ኮድ የአካውንቷ ቁልፍ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከቤተሰብ ጋር የሚሠራ ነው። በስልክ የመጣ ኮድ ለማንም፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ቢሆን፣ እንደማይነገር አስረዷቸው፤ አካውንቱ ሲከፈት ከኮዱ ሌላ ተጨማሪ የይለፍ ቁጥር የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም በስልክ እየመራችሁ አስከፍቷቸው። ገንዘብ በጽሑፍ ስትጠየቁ ድሮ በምታውቁት ቁጥር ደውሉ እንጂ መልእክቱ ላይ በተጻፈው አትደውሉ። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን ድምፅ አስመስሎ መሥራት ስለሚቻል፣ ከቤተሰባችሁ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ የምስጢር ቃል ቢኖራችሁ አይከፋም። እናቶች መጀመሪያ ይስቁበታል፤ በኋላ ግን ከእኛ በላይ አጥብቀው የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው።

ወደ ክፍያው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት «ዕቃው ባይመጣ ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እንደ መክፈያው ይለያያል። አሜሪካ ያላችሁ፣ የአገሪቱ የክሬዲት ካርድ ሕግ ያለ ፈቃዳችሁ በካርዱ ለተወሰደ ገንዘብ ኃላፊነታችሁን ከ50 ዶላር አያሳልፈውም፤ ላልደረሰ ዕቃም ሒሳቡ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መከራከር ትችላላችሁ። ዴቢት ካርድ ግን ሌላ ነው፤ ካርዱ መሰረቁን ካወቃችሁ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሳወቃችሁ ኪሳራችሁ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል፣ ከዚያም ብትዘገዩ ሊብስ ይችላል። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይና እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ዕቃ፣ በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ካርዱን የሰጠው ድርጅት ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው።

በዚያው በብሪታንያ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ተታለው ከባንክ ሒሳባቸው ገንዘብ ላስተላለፉ ሰዎች ባንኮች እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመልሱ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ይህን ሰምቶ የተዘናጋ ወዳጅ አለኝ። ሕጉ የሚሸፍነው በአገሪቱ ውስጥ የተላለፈውን ብቻ ነው፤ ወደ ውጭ የተላከ ገንዘብ አይገባበትም። የእኛ ገንዘብ ደግሞ መንገዱ ወደ ውጭ ነው። በሐዋላ ተልኮ ተቀባዩ ያወጣውን ገንዘብም ማስመለስ ዘበት ነው፤ ስለዚህ ሐዋላ ለምታውቁት ሰው እንጂ ለማታውቁት ሻጭ መክፈያ አይሁን። በፔይፓል ስትገዙም ሻጩ «ኮሚሽን እንዳይቆረጥብን ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚለው ላክልኝ» ካላችሁ፣ የገዢ ዋስትናችሁን እንድትጥሉ መጠየቃችሁ ነው። የስጦታ ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን እንድታነቡለት የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን ምንም ማጣራት አያስፈልግም፤ ሌባ ነው።

ስለ ሐሰተኛ ድረ ገጾች ብዙ አልልም። ከገጹ አድራሻ አጠገብ የሚታየውን የቁልፍ ምልክት አይቶ መተማመን ግን ይቅር፤ ምልክቱ በእናንተና በገጹ መካከል ያለው ግንኙነት መመስጠሩን እንጂ የገጹን ባለቤት ታማኝነት አይነግራችሁም። ጉግል ክሮም ምልክቱን በ2023 ያነሣው ሰው በዚህ እየተሳሳተ ስላስቸገረ ነው። የገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል አንብቡ። «ጥቅልዎ ተይዟል፣ ትንሽ ክፍያ ይቀርዎታል» የሚል መልእክት ሲመጣ ማስፈንጠሪያውን ሳትነኩ፣ ጥቅሉን የላከውን ድርጅት ገጽ ራሳችሁ ክፈቱት።

ዕቃውን አገር ቤት ካለ ሻጭ በማኅበራዊ ሚዲያ ከገዛችሁ ደግሞ ዘመዳችሁን በአካል ላኩት። ዕቃውን ነክቶ፣ አስከፍቶ፣ አስሠርቶ ይመልከት፤ ክፍያውም ከዚያ በኋላ ይሁን። «ዛሬ ካልከፈልክ ለሌላ እሸጠዋለሁ» ካለ ይሽጠው። በመካከል ሆኖ ለሻጩ የሚከፍልላችሁ ሰው የከፈለበትን ደረሰኝ በስክሪንሾት ቢልክላችሁም፣ ምስል በደቂቃ ውስጥ ስለሚሠራ፣ ገንዘቡ መግባቱን ተቀባዩ ከራሱ ሒሳብ ላይ ይመልከት።

ከሆነ በኋላ ያወቃችሁት እንደሆነ ሰዓቷ ውድ ናት። ለባንካችሁ ወይም ለሐዋላ ቤቱ ወዲያው ደውሉ፤ ገንዘቡ ካልወጣ ሊታገድ ይችላል። መልእክቶቹን ከኀፍረት የተነሣ አታጥፉ፤ ማስረጃ ናቸው። ለፖሊስም አመልክቱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ «የጠፋውን ገንዘብ እናስመልሳለን፤ የአገልግሎት ክፍያውን አስቀድሙ» የሚል ደዋይ ሊመጣ ይችላል። ስልክ ቁጥራችሁን ከማን እንዳገኘ አስቡና ዝጉት።