ዝናብ የያዘው ቀን ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ እንዴት ይዋላል?

አንድ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ የእህቴን ሁለት ልጆች ለአንድ ቀን ተረከብኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ውጭ ዶፍ ይወርዳል፣ መብራት ጠፍቷል። ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ። "በሉ ተነሱ፣ ሙዚየም እንሂድ" አልኩና ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ዳገቱን ይዣቸው ወጣሁ። የአስፋልቱ ጎርፍ ከፊት ለፊታችን ይመጣል፣ እኛ ሽቅብ እንሄዳለን። የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው። ሁለተኛው ካልሲ ነው፤ እሱን ኋላ አመጣዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱን ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። አሁን የሚያዋጣኝ አካሄድ እንዲህ ነው።

1. ከላይ ጀምሩ። ታክሲ ይዛችሁ ስድስት ኪሎ ውረዱ። ከዚያ አምስት ኪሎ፣ ከዚያ አራት ኪሎ። ሁሉም ቁልቁለት ነው። ጎርፉም እናንተም ወደ አንድ አቅጣጫ ትሄዳላችሁ።

2. ከቤት ሳትወጡ ደውሉ። ሙዚየም ለእድሳት ሊዘጋ ይችላል። አንድ ቀን እስከ አጥንቴ በስብሼ የተቆለፈ በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ክፍት ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ድረሱ፤ የአዲስ አበባ ክረምት ብዙ ጊዜ ጉልበቱን የሚያሳየው ከሰዓት በኋላ ነው።

3. የምትይዙት፦ መታወቂያ (ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ይጠየቃል)፣ ሁለት ፌስታል፣ ትርፍ ካልሲ፣ ጃንጥላ። ቦርሳ ውስጥ የምትገባዋ ታጣፊ ጃንጥላ ለፀሐይ ናት፤ የሐምሌ ንፋስ አንዴ ሲያገኛት ትገለበጣለች። ረጅሙን፣ እጀታው ቆልመም ያለውን ያዙ። እጀታው ላይ ደግሞ ቀይ ክር እሰሩበት። በር ላይ የሚቀመጠው ጃንጥላ ሁሉ ጥቁር ነው። የእኔ ደህናው ጥቁር ከሌላ ሰው ጋር ሄዶ፣ ሽቦው የተሰበረ ጥቁር ተርፎኛል።

4. ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም። ቤቱ ራሱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር የተገደሉት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ከዓመት በኋላ ግቢው ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከመግባታችሁ በፊት ውጭ ያለውን ወደየትም የማያደርስ ደረጃ እዩት። ጣልያን በወረራው ጊዜ የሠራው ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ለአንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት። አሁን ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል።

ውስጥ ስትገቡ በንጉሡ መኝታ ቤት አትጀምሩ። እኔ ጀምሬ ልጆቹ ከመታጠቢያ ቤቱ አልወጣ አሉኝ። "ጃንሆይ እዚህ ነው የሚታጠቡት?" እያሉ ተራ በተራ ገንዳውን ያያሉ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ቀዘቀዘባቸው። ባህል የሚታይበት ክፍል የተደራጀው በብሔር ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደት ተነስቶ በልጅነትና በጉልምስና አልፎ ሞት ላይ ይደርሳል። በዚያው ቅደም ተከተል ሂዱ። ከዚያ የሙዚቃ መሣሪያዎቹና ሥዕለ አድኅኖዎቹ። መኝታ ቤቶቹን ለመጨረሻ አቆዩ፤ መስታወቱ ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳ ማን ቀድሞ እንደሚያገኘው ልጆቹን አወዳድሩ።

5. መሸጋገሪያው። ቀኑን የሚያበላሸው ወይም የሚያተርፈው ይሄ ነው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መቼ ነው የሚወጣው?

መጀመሪያ ሰሞን ዝናቡ ጨርሶ እስኪያቆም እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ሆኜ ካፊያው ይቆማል ስል ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። አልቆመም። በመጨረሻ ተናድጄ ስወጣ፣ መንገዱን ሳላጋምስ ዶፉ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዶፍ ይጮሃል እንጂ ብዙ አይቆይም፤ ካፊያ ግን ቀኑን ሙሉ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ዶፉን ጠብቁት፣ በካፊያው ሂዱበት። የጣራውን ድምፅ ስሙ። ቆርቆሮው መጮህ ትቶ ማንሾካሾክ ሲጀምር ጃንጥላችሁን አንሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶፉ ጋብ ሲል ተጠልሎ የቆየው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ወጥቶ ታክሲ ላይ ይረባረባል። አትጋፉ። ወደ አምስት ኪሎ በእግር ውረዱ፣ ሩቅ አይደለም። የእግረኛውን መንገድ የውስጥ ጠርዝ ያዙ፤ ኩሬ ላይ የሚያልፍ ሚኒባስ ከዝናቡ የባሰ ያበሰብሳል።

6. አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽ ያለችው እዚህ ነው። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር የተገኘችው፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ። ለልጆች ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የምትታየው ቅጂ ናት።

"አጎቴ፣ እውነተኛዋ ናት?" አለኝ ትንሹ።

"አይደለችም፣ ቅጂዋ ናት።"

"ታዲያ ለምን መጣን?"

መልስ አልነበረኝም። ጀርባውን ሰጥቶ አጠገቧ እንዲቆም አደረግኩት። ቁመቷ 1.1 ሜትር አካባቢ ነው፤ የሰባት ዓመቱ ልጅ በለጣት። "አጭር ናት!" ብሎ እህቱን ጠራ። ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

7. አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፤ የካልሲው ጉዳይም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ያን ቀን የሦስታችንም ካልሲ በስብሶ ነበር። ወለሉ ላይ የእግራችን ዱካ በተርታ ቀረ፤ አንዲት እናት አይታ "ውይ ልጆቼን!" አለችና የነጠላዋን ጫፍ ልትሰጠን ስትል በሀፍረት ተመልሰን ወጣን። ደጃፉ ላይ ካልሲ ቀይሩ፣ እርጥቡን በፌስታል ቋጥሩ። የጃንሆይ አጽም በ1993 ዓ.ም. ያረፈው እዚህ ነው። የመስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት በደመና ደብዘዝ ይላል። ፀሐይዋ በዝናቡ መሀል ብልጭ ካለች ግን ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ ቀለሙ ሲበራ ይታያል።

8. ምሳና ማኪያቶ የትም ይገኛል። ከዚያ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው። የደከሙ ልጆች መጽሐፍ ይዘው ጸጥ የሚሉበት ብቸኛው ቦታ ለእኔ ይሄ ሆኖ ተገኝቷል።

ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ግን ተነሱ። 11 ሰዓት ሲሆን ከሥራ የሚወጣው ሰው ይጨመርና የታክሲው ሰልፍ ይጠመዘዛል። ካመለጣችሁ ከሰል ላይ የምትጠብሰዋን ሴትዮ ፈልጉና በቆሎ ግዙ። ሰልፉ ላይ ሆናችሁ ስትፈለፍሉ እጃችሁም ይሞቃል።