አረሩ ሲጠብቅና ሲላላ፦ በአፉ ለሚጎርስ የባልጩት ሽጉጥ

ስህተቱ የሚጀምረው ከግዢው ነው። አፈሙዙ ላይ 0.50 የሚል ቁጥር ያየ ሰው 0.50 አረር ይገዛል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን የቀዳዳውን ስፋት በኢንች ነው፤ አረሩ ጨርቅ ለብሶ በአፈሙዙ አፍ በኩል ባሩዱ ላይ እስኪቀመጥ በዘንግ እየተገፋ ስለሚገባ ከዚያ ማነስ አለበት።

አረሩ አልወርድ አለ

በመዶሻ አትምቱት። መጀመሪያ ደህና ሲገባ ቆይቶ በአራተኛው ተኩስ ላይ ካስቸገረ ጥፋቱ የጥቀርሻው ነው፤ ጥቁር ባሩድ ሲነድ ብዙ ዝቃጭ ይተዋል። በየተኩሱ መሃል እርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ደረቅ አሳልፉ። በንጹሕ አፈሙዝም ካስቸገረ መጠኑን ቀይሩ። ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ላለው የ0.50 ኢንች አፈሙዝ የተለመደው መነሻ 0.490 አረርና 0.015 ውፍረት ያለው የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ለ0.45 ደግሞ 0.440 አረር። «በሁለት ወገን ጨርቅ ሲደመር 0.520 አልሆነም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ይሆናል፤ ግን ጨርቁ ይጨመቃል፣ የተረፈውም ቦዮቹ ውስጥ ይገባል። አረሩን ይዞ የሚያሽከረክረው እሱ ነው። አሁንም ከጠበቀ መጀመሪያ ጨርቁን ወደ 0.010 አሳንሱ፤ ከአረር ይልቅ ጨርቅ ርካሽ ነው።

አረሩ መሃል ላይ ቀረ

ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። በባሩዱና በአረሩ መሃል ክፍተት ካለ አፈሙዙ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ስለሚችል ተኩሶ ማስወጣት የለም። ባልጩቱን አውልቁ፣ ከውጭ ያለውን የመለኮሻውን ባሩድ ድፉ፣ እሳቱ ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ውሃ አስገብታችሁ የውስጡን ባሩድ አርጥቡ፤ ከዚያ አረሩን ዘንጉ ጫፍ ላይ በሚገጠም መንቀያ ብሎን ሳቡት። ለወደፊቱ አረሩ ባሩዱ ላይ በደንብ ሲቀመጥ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱ ከአፉ በላይ ከቀረ አረሩ አልደረሰም።

በቀላሉ ወረደ፣ ዒላማው ላይ ግን ተበታተነ

ላልቷል። ማስረጃው ከፊታችሁ መሬት ላይ ወድቋል፤ ጨርቁን አንሱት። መሃሉ ከተቃጠለ ወይም ከተበሳ ቀጭን ነው፣ ወይም አረሩ አንሷል። በቦዮቹ መስመር ከተቆረጠ ግን መጠን መቀየር አይረዳም፤ የአፉ ጠርዝ ስለት ስለሆነ ጠመንጃ ሠሪ ያለስልሰው። ዙሪያው ተዘርዝሮ መሃሉ ጠቁሮ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ልኩን አግኝታችኋል።

ቦይ የሌለው አፈሙዝ

የድሮዎቹ የፈረሰኛና የባሕር ኃይል ሽጉጦች አብዛኞቹ ውስጣቸው ልሙጥ ነው። ጨርቁ የሚገባበት ቦይ ስለሌለ አረሩ ይበልጥ ይነስ። የብሪታንያ ፈረሰኞች ሽጉጥ ወደ 0.65 ኢንች ሆኖ አረሩ 0.615 ገደማ ነበር፤ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 20 የሚወጣው ማለት ነው።

አረሩን ራሳችሁ የምታፈሱ ከሆነ ንጹሕ እርሳስ ተጠቀሙ። የተደባለቀ እርሳስ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተረው ትንሽ ስለሆነ ከዚያው ማፍሰሻ ቅርጽ ወፍሮ ይወጣል፤ «ትናንት የገባው ዛሬ ለምን ጠበቀ» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ነው።