ድርቅ የሚችል ወይራና ዋንዛ ለማፍላት፦ የእናት ዛፍ አመራረጥና አፈታተን

በጎጃም ወይራና ዋንዛ የሚያፈላ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ድርቅን መቻል የአንድ ዘረመል ሥራ አለመሆኑን ነው። አፈር ሲደርቅ በዛፉ ውስጥ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ይበዛል፤ ሆርሞኑን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዋና ኢንዛይም የሚገኘው ኤንሲኢዲ ከሚባሉት ዘረመሎች ነው። ሆርሞኑ በቅጠል ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚያዘጋ የሚተነው ውሃ ይቀንሳል። ድሬብ የሚባሉት ደግሞ ሌሎች በርካታ ዘረመሎችን የሚቀሰቅሱ ሲሆኑ፣ ከሚቀሰቅሷቸው መካከል ሕዋስን ከድርቀት ጉዳት የሚጠብቁ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩ ይገኙበታል። ቀዳዳው ሲዘጋ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይገባምና እድገት ይገታል፤ በመሆኑም ፈጥኖ የሚያድገው ችግኝ ሁሉ ድርቅ ቻይ ነው ማለት አይቻልም።

የፖፕላር ዛፍ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል በ2006፣ የባሕር ዛፍ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለችግኝ ጣቢያ ሥራ ግን ላቦራቶሪ የግድ አይደለም፤ እናት ዛፍን፣ ማለትም ዘር የሚለቀምባትን ዛፍ፣ በጥንቃቄ መምረጥና ልጆቿን (ከዘሯ የበቀሉትን ችግኞች) መፈተን ብዙ ያደርሳል።

ችግኙ የሚተከለው ከደጀን ወደ ዓባይ በሚወርደው ደረቅ ተዳፋት ከሆነ፣ ዘሩ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ርጥብ ቦታ መምጣት የለበትም። ነባር ዛፎች በብዛት የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ስለሆነ ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠየቅ። በአንድ ደብር ያሉት ዛፎች የሥጋ ዘመዳሞች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ከተለያዩ አጥቢያዎች፣ ቢቻል ከሃያ ከማያንሱ እናት ዛፎች መልቀም ይሻላል።

በበጋ ለምልሞ የቆመ ዛፍ ግን ሊያሳስት ይችላል። ልምላሜው ከዘረመሉ ሳይሆን ሥሩ ከደረሰበት የከርሰ ምድር ውሃ የመጣ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን ማርገፉ ውሃ የሚቆጥብበት መንገድ ስለሆነ እንደ ድካም አይቆጠርበት። ቦታንና ዘረመልን የሚለየው አስተማማኝ መንገድ ልጆቹን ጎን ለጎን ማሳደግ ነው፤ እኔም ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምመክረው ይህንኑ ነው።

የየእናቱ ዘር ሳይቀላቀል፣ ምልክት ተደርጎበት፣ በእኩል ቱቦና በአንድ ዓይነት አፈር ይዘራ። የወይራው ፍሬ ጠንካራ ስለሆነ ውስጡ ሳይጎዳ ቅርፊቱ ይሰንጠቅ። ችግኞቹ ከጠነከሩ በኋላ ከየእናቱ ግማሾቹን ዝናብ በማያገኛቸው ብርሃናማ ቦታ አሰባጥሮ ደርድሮ፣ ሁሉንም እኩል አጠጥቶ ውሃውን ማቆም ነው። የጠወለጉበት ቀን ይመዝገብ፤ ከዚያ ውሃ ሰጥቶ የትኞቹ እንዳገገሙ ማየት ያስፈልጋል። ቅጠለ ሰፊና ትልቅ ችግኝ የቱቦውን ውሃ ቶሎ ስለሚጨርስ ቀድሞ መጠውለጉ አይቀርም፤ ስለዚህ በቁመትም በቅጠል ብዛትም የሚቀራረቡት ብቻ ይነጻጸሩ።

ለተከላ የቀሩት ግማሾች ደግሞ ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ የማጠጫው ጊዜ ቀስ በቀስ እየተራራቀ፣ ዳሱም እየተነሳ ይለማመዱ፤ በመግቢያው የተጠቀሱት ድርቅ የሚያስችሉ ዘረመሎች ሥራቸውን የሚጀምሩት አፈሩ መድረቅ ሲጀምር ነውና። ከቱቦው ያለፈ ሥር ይቆረጥ፤ ተከላው አፈሩ ጠልቆ በራሰበት በሐምሌ ይሁን።

ከፈተናው በኋላ ለቀጣዩ ዓመት የሚለቀመው ከአንዲት ምርጥ እናት ብቻ መሆን የለበትም፤ ደህና ውጤት ካሳዩት ቢያንስ አሥሩ ይያዙ፣ ለእያንዳንዳቸውም አጥቢያው፣ ከፍታውና ልጆቻቸው የጠወለጉበት ቀን በመዝገብ ይጻፍላቸው።